የዳንቴል ቀዳዳ

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ፔኒሽ ወደብ ላይ፣
ራዲዮ ቃኝቻለሁ ከማማው በላይ።
ጡረታ ስወጣ ጆሮዬ አልወጣም፤
ባሕሩን ሳላደምጥ እንቅልፍ አይመጣም።
አሁን ከወጥ ቤቴ፣ ከትንሿ ጠረጴዛ፣
መርከብ እቆጥራለሁ እንዲያው እንደ ዋዛ።

እያንዳንዱ መርከብ ስሙን እየጠራ፣
«እዚህ ነኝ፣ እዚህ ነኝ» ይላል በየተራ።
ሕግ ነው፤ እንዳይጋጭ በጭጋግ በጨለማ፣
ለወደደ ሁሉ፣ ጆሮ ላለው ይሰማ።

በመጋቢት አንድ ሌሊት፣ ከበርሌንጋ ጥግ፣
አንዱ ድምፁን ዋጠ፣ ጣሰ የባሕር ሕግ፤
አራት ሰዓት ሙሉ እንደ ሞተ ቆየ፣
ሲነጋ ግን ዓሣው ዘይት ለብሶ ታየ።
ሰዓቱን ከሰዓት፣ ቦታውን ከቦታ
አስተያይቼ ከሰስኩ፤ ባለመርከቡ ተረታ።
ዓሣ ሻጮቹ ሁሉ «የወደቡ ዐይን» አሉኝ፣
አንድ ባልዲ ሰርዲን በር ላይ አኖሩልኝ።
ወደድኩት ስሙን፤ አልዋሽም፤ ወደድኩት፤
በር ዘግቼ ማታ ለብቻዬ ጠራሁት።

ቫልደማር የመጣው የዚያን ሰሞን ነበር፤
የታች ቤት ጎረቤት፣ ሞተር ጠጋኝ፣ የማይናገር።
ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ፣
«ፊሎሜና ሄደች» ብሎ ተናገረ።
«አልነካኋትም» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው፤
«ደኅና መሆኗን ነው እኔ የምፈልገው።
መርከብ ላገኘ ዐይን ሰው አይጠፋበትም፤
የተሰጣ ማየት ስርቆት አይባልም።»

እሺም አላልኩትም፣ እንቢም አላልኩትም፤
ሲሄድ ግን ጣቶቼ ዝም አላሉልኝም።

ስሟን ጻፍኩ፤ የለም። የናቷን ስም ጻፍኩ፤
የዳንቴል ውድድር ፎቶ ላይ ደረስኩ፤
ሦስተኛ የወጣች፤ ግራ እጇ ላይ ሰዓት፣
ያ ርምጃ የሚቆጥር፣ ሯጮች የሚገዙት።
ከሰዓቱ ካርታ፤ ከካርታው ላይ መስመር፣
ቀይ፣ በየማለዳው ከወንዝ ዳር የሚዞር።
(ከተማዋን ተዉት፤ እዚህም አልጽፋትም፤)
የትም ዞሮ ዞሮ ከአንድ በር አያልፍም።
ሾርባዬም ሳይበርድ፣ በአርባ ደቂቃ፣
ቤቷ ደረስኩባት ሳታውቅ፣ ሳትነቃ።

ማክሰኞ አትሮጥም።
ሐሙስ፣ ዝናብም ቢሆን፣ አትቀርም።
ከድልድዩ ሥር ሁልጊዜ ሦስት ደቂቃ ትቆማለች።
ብቻዋን።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፣ ደግ ተረት ነበር፤
እኔ ያጠላለፍኩት ግን አንዲት ሴት የሚያስር።
እያንዳንዱ ክር ንጹሕ፣ አንዱም አልተሰረቀ፤
ኃጢአቱ ቋጠሮው ላይ፣ በጣቴ ላይ ታወቀ።
መቃኘት የሚሉት ሁለት ፊት አለው ለካ፤
አንዱ ድምፅ ሲያስማማ፣ አንዱ ጉሮሮ ሲለካ።
መርከብ ድምፁን ሲሰጥ «እዩኝ» ማለቱ ነው፤
የእሷ ሩጫ ግን ትንፋሽ ለማግኘት ነው።
በሩን ክፍት አገኘሁ፤
«ግቢ» ግን ማን አለኝ?

ልጽፍላት ፈለግሁ፣ «ካርታሽን ዝጊ» ብዬ፤
«እንዴት አገኘሽኝ?» ብትልስ እህትዬ?
የማታውቃት አሮጊት በሯን ስትነግራት፣
ቫልደማር ያልደረሰው ፍርሃት አይደርስባት?
ሦስት ጊዜ ጽፌ፣ ሦስቴ አጠፋሁት፤
በአራተኛው ተነሥቼ በእግሬ አደረስኩት።

እናቷ ዳንቴል ቤት፣ እስፒል እየሰካች፣
ቀና ሳትል ሰማችኝ፣ ክሯን እየሳበች።
«ልጅሽ ያንን ሰዓት ዝም ታሰኘው» አልኳት።
ጣቶቿ ቆሙ።
«አንቺም ፈለግሻት?»

መልስ አልነበረኝም። ትራሷ ላይ ያለውን ዳንቴል አየሁት፤
አበባው ያለው ክር ባልደረሰበት።

ለቫልደማር፣ ማታ፦ «አላገኘኋትም።»
በሠላሳ አንድ ዓመት ሐሰት ልኬ አላውቅም፤
አንድ ጀልባ እንኳ በውሸት አላሳትኩም።
አመነኝ? እንጃለት። ኮፍያውን ደፍቶ፣
ወደ ታች ወረደ፣ ደረጃው ላይ ቆይቶ።

አሁንም መርከብ እቆጥራለሁ። ሰርዲኑም ይመጣል።
«የወደቡ ዐይን» ሲሉኝ አንገቴ ይደፋል።
ሐሙስ ማለዳ ግን፣ ዘጋችው ወይ ብዬ፣
አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ መጋረጃ ጥዬ፣
ካርታውን ከፈትኩት።
ቀዩ መስመር የለም።
ድልድዩ፣ ወንዙ፣ ነጭ ቦታ።

ይህን ማየቴንም አልነገርኳት።